የእህቴን ቀኝ እግር ስለ ማስመለስ

ለተከበሩ የጫማ ድርጅቱ የመረጃ ማከማቻና የዕድገት ዘርፍ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ቀኝ እግር እንዲመለስልን ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ሰፊ ወንበርዎ ላይ ደገፍ ብለው፣ ሁለት እግሮችዎን በሁለት ጫማዎችዎ ውስጥ በየወገናቸው አስገብተው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለጸሐፊዎና በቅርቡ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ላስመረቁት የመረጃ ማከማቻም ጤና ይስጥልኝ። ማከማቻውን ከቤተሰብ መቁጠሬ እንደ ድፍረት አይታይብኝ፤ በምረቃው ዕለት «እንደ ልጅ አብሮን የሚያድግ» ብለው ሲናገሩለት ከአዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ሆኜ በገዛ ጆሮዬ ስለ ሰማሁ ነው።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ከዚህ በፊት ሁለት ማመልከቻዎች በእጄ ይዤ መጥቼ ነበር። ሁለተኛው «ከመጀመሪያው ጋር ስለሚመሳሰል መመዝገብ አይቻልም» ተብሎ ተመለሰልኝ፤ እንግዲያውስ የመጀመሪያውን መልስ ልውሰድ ብዬ ብጠይቅ ደግሞ የመጀመሪያው አልተገኘም። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ ዘመናዊ ማከማቻ ስለሌለው፣ ደብዳቤዬን ከማስቀመጥ ይልቅ አንብቦ ተቀበለኝ።

እኔ የአንዲት ደንበኛዎ ታላቅ ወንድም ነኝ። ደንበኛዎ የሒሳብ መምህርት ናት። ቀኝ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ከግራው አጠር ብሎ ወደ ውጭ ጋደል ይላል፤ ተማሪዎቿ ግን በመካከላቸው «ቀጥ» ይሏታል፣ ክፍል ስትገባ ከአፏ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ቀጥ በሉ!» ስለሆነ። በዴስኮቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ካላለች ያስተማረች አይመስላትም። ባልደረቦቿ አዝነው ወንበር ሲያቀርቡላት «ተቀምጬማ ካስተማርኩ እነዚያ ኋላ ያሉት ጎረምሶች ክፍሉን ተከፋፍለው ይገዙታል» እያለች ትመልስላቸዋለች። ለዚህ ሁሉ ምልልስ የምትተማመነው በእርስዎ ድርጅት ጫማ ነበር። «ነበር» የምትለዋን ቃል እባክዎ ረጋ ብለው ያንብቡልኝ፤ ደብዳቤው የተጻፈው በእሷ ምክንያት ነው።

እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ስለነበረው ዘመን ማንም አልነገረዎት ይሆናልና ትንሽ ላስታውስዎ። ድርጅቱ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲጀመር፣ የተነሣው የሰው ሁለት እግር አንድ አይደለም ከሚል እምነት ነበር። ሌላው ጫማ ቤት ሁለቱንም እግር በአንድ ቁጥር ሲጠራ፣ የእርስዎ ድርጅት ለቀኙም ለግራውም ለየብቻ ከእንጨት የእግር አምሳያ ያስጠርብ ነበር፤ ጫማ ሠሪዎቹ ፎርማ የሚሉትን። ጫማው የሚሰፋው በዚያ ላይ ተወጥሮ ነው። የክፍሏ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሽቦ በተንጠለጠሉ እግሮች የተሞላ ስለነበረ፣ እንግዳ ሰው በሩን ከፍቶ መልሶ የዘጋበት ጊዜም አለ።

የእህቴን ቀኝ ፎርማ የጠረቡት ጋሽ ሞረድ የሚባሉት ሰው ናቸው። ትሕትና አልፈጠረባቸውም። እህቴን በየጊዜው እየጠሩ ያራምዷታል፣ ከዚህ ይሞርዳሉ፣ እዚያ ጋ ቆዳ ይለጥፋሉ፣ እንደገና ያራምዷታል። ዓመታት እንዲህ አልፈው ወገቧ ላይ የነበረው ሕመም ሲለቃት «እግዜር የጀመረውን እግር እኔ ጨረስኩት» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። አሁን ዓይናቸው ፈዟል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሴት ልጃቸው ቤት ተቀምጠው ሬዲዮውን ሲሳደቡ ይውላሉ። ያንን እግር ሁለተኛ የሚጠርብ ሰው የለም ማለት ነው። ይህችን ነገር ይያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ምስጋናዬ የበዛ ስለሆነ በቁጥር ለይቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዕድገቱ አመሰግናለሁ። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ሲጨመር፣ ደንበኛው ሲበዛ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ እንጨት ለእንዲህ ያለ ድርጅት ነውር መሆኑን ተገንዝበው፣ መረጃው በበዛ ቁጥር የኮምፒውተር ሣጥን በሣጥን ላይ እየተደረበበት ሳያቋርጥ የሚሰፋ ማከማቻ አስተከሉ። ሪባኑን ሲቆርጡ «የሚሊዮን ሰው እግር ቢመጣ አይጨንቀውም» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። እህቴም አጨበጨበች፤ ብቻ የሒሳብ ሰው ናትና ጠጋ ብላ «ሁለት ሚሊዮን እግር ማለታቸው ነው አይደል?» አለችኝ። ሰው ይሰማሻል፣ ዝም በይ አልኳት። አሁን ሳስበው፣ የሚመጣብንን ነገር ያኔውኑ በማይክሮፎን ነግረውን ነበር።

ለማከማቻው ቦታ ሲፈለግ ከሕንፃው ሁሉ ደረቅ፣ ሰፊና ነፋሻ ሆኖ የተገኘው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ጫማ ሠሪዎቹ የሚሠሩበት። መስኮቶቹ ለደኅንነት ሲባል በብሎኬት ተደፈኑ፤ ጫማ ሠሪዎቹም ከነመዶሻቸውና ከነማስቲሻቸው ደረጃው ሥር ገቡ። ሄጄ ጎብኝቻቸዋለሁ። የሚሠሩት ጎንበስ ብለው ነው፤ ቀና ያለ በደረጃው ግንባሩን ይመታል። ረጅሙ፣ ጓደኞቹ «ምሰሶ» የሚሉት፣ ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ አገኘሁትና ምነው ብዬ ስጠይቀው «ማከማቻው አንድ ሣጥን ሲጨምር እኛ አንድ ወንበር እንቀንሳለን። መጨረሻ ላይ ጫማውንም እሱው ይስፋና እንገላገል» አለኝ። ይህን የማነሣው ለማሳበቅ አይደለም፤ ከሠራተኞችዎ መካከል የማከማቻውን ዕድገት በቅርብ የሚከታተል ሰው እንዳለ ቢያውቁ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቆራጥነትዎ አመሰግናለሁ። ፎርማዎቹ ሁሉ በየተራ ስካን ተደርገው ወደ ማከማቻው እንደ ገቡ፣ አንድ ነገር ሁለት ቦታ መቀመጥ የለበትም ተብሎ እንጨቶቹ በማዳበሪያ ታጭቀው ተጭነው ሄዱ። ከግቢው በስተጀርባ ያለው ዳቦ ቤት ለብዙ ቀን እንጨት ሳይገዛ ጋገረ። ሰልፍ ላይ አንዱ «ዛሬ ዳቦው ምነው እግር እግር አለኝ?» ሲል ሌላው «ዝም ብለህ ብላ፣ የዘመድህ ይሆናል» ሲለው ሰምቻለሁ። እኔም ከዳቦው በልቻለሁ፤ በደንብ የበሰለ ነበር፤ ቅሬታ የለኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቁጠባው ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቃል ያጥረዋል። ሳያቋርጥ የሚሰፋ ማከማቻ በተመረቀ ማግስት ቦታ እንዲቆጥብ መታዘዙ ለእኔ ቢጤው ተራ ሰው ግር ይላል፤ የእርስዎ አርቆ ማየት ግን ከእኔ አእምሮ በላይ ነው። የተደጋገሙ ፋይሎችን ፈልጎ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን የሚያጠፋ ሶፍትዌር እንዲሠራበት አዘዙ። ሶፍትዌሩ ታዛዥ ነውና ፈለገ። አገኘም! በየደንበኛው ስም ሥር ሁለት ሁለት እግር ተቀምጧል፤ ስማቸው አንድ፣ የገቡበት ቀን አንድ፣ ሁለቱም ከፊት ሾጠጥ፣ ከኋላ ከበብ ያሉ። ይህ ብክነት ካልሆነ ምን ብክነት አለ? በየደንበኛው ቀድሞ የገባው ግራው ስለነበረ ግራው ቀረ፤ ቀኙ ተሰረዘ። የሁሉም። ከዚያ በኋላ ሲስተሙ ቀኝ እግር ሲጠየቅ አላፈረም፤ ያንኑ ግራውን በማሽን አስቀርጾ ደግሞ ይሰጣል።

ልብ ይበሉልኝ፤ ሁለት እግር አንድ አይደለም ብሎ የተነሣ ድርጅት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት እግር አንድ ነው ብሎ ወሰነ። ሌላ ጫማ ቤት ቢሆን እንዲህ ያለ ስሕተት ለመሥራት ቢመኝ እንኳ አይችልም፤ መጀመሪያ ነገር የሰው እግር አያስቀምጥማ።

የአዲሱ ዘመን ጫማ ለእህቴ በሚያምር ካርቶን ተደርጎ ደረሳት። ካርቶኑ ላይ «ከእርስዎ ጋር እናድጋለን» የሚል ተጽፎበታል። ከፍታ አንዱን አወጣች፤ ግራ ነው። ሌላውን አወጣች፤ እሱም ግራ ነው። አንዱን በአንድ እጇ ሌላውን በሌላው ይዛ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ «ወንድም ዓለም፣ አንደኛው ያንተ ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

ደረጃው ሥር ወርጄ ምሰሶን ጠየቅሁት። «አይተናል እንጂ! ዓይን የለንም እንዴ? ሁለት ግራ ነው ብለን ወደ ላይ ላክን። ሲስተሙ ያወጣውን ሥሩ ተባልን። ከሰው ጋር ብንጣላ ሽማግሌ ይገባል፤ ከሲስተም ጋር ብንጣላ ማን ያስታርቀናል?» አለኝ።

ጫማዎቹን ይዘን ጋሽ ሞረድ ዘንድ ሄድን። በጣታቸው ዳሰሷቸውና «ይሄ የኔ ግራ ነው። ይሄም የኔ ግራ ነው። ቀኙን ማን ሰረቀው?» አሉ። ፎርማዎቹ ዳቦ ቤት ገቡ ስንላቸው «ዳቦው እንኳ በሰለ?» አሉን። ከዚያ እህቴ እግሯን እንድትሰጣቸው ጠየቋት። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሌላው እጃቸው ያዙት፤ ያኛውም ይንቀጠቀጣል። እግሯን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀምጠውላት ስለ ሬዲዮው ማውራት ጀመሩ። እኛም ስለ ሬዲዮው አወራን።

አራተኛው ምስጋናዬ ከሦስተኛው ጋር ስለሚመሳሰል፣ የድርጅትዎን አሠራር በማክበር ሰርዤዋለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ መስተንግዶው ነው። የደንበኞች አገልግሎት መስኮት ላይ የምትቀመጠው ልጅ ትሑት ናት፣ ፈገግታዋም አይጠፋም። ኮምፒውተሯን አየችና «ጋሼ፣ እህትዎ እኮ ሲስተሙ ላይ ሁለት እግር አላቸው» አለችኝ። ሁለቱም ግራ ናቸው አልኳት። «አዎ፣ ሁለቱም ግራ ናቸው» ብላ አረጋገጠችልኝና፣ ልትረዳኝ ፈልጋ «ሲለኩ ምናልባት ዞረው ቆመው ይሆን?» አለች። ደኅና፣ እንደገና ስካን ይደረግላት አልን። እህቴ ማሽኑ ላይ ቀኝ እግሯን አወጣች። ማሽኑ ጮኸ። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ የወጣውን አነበበችልን፦ «ይህ ደንበኛ ሁለት እግር አለው፤ ተጨማሪ እግር መመዝገብ አይቻልም።» እህቴ ወደ እግሯ ጎንበስ ብላ አየችና «ታዲያ ይሄ ሦስተኛዬ ነው?» አለች። «እትዬ ይሙቱ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ሲስተሙ ነው።» ከሁለቱ ግራ አንዱን አጥፊውና ቦታ ይገኝ ብንላት፣ ማጥፋት የሚችሉት እርስዎ ብቻ እንደሆኑ፣ እርስዎም ማከማቻውን ስለ ማስፋፋት ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገረችን። ስካኑስ ቢሳካ ምን ሊሆን? ማሽኑ የሚያነሣው ባዶውን እግር ነው፤ ጋሽ ሞረድ ዓመታት ሙሉ ሞርደው የጨመሩትንና የቀነሱትን ከየት ያመጣዋል?

መቀመጫው ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ሌሎች ደንበኞችዎም ነበሩ። አንድ አዛውንት ብልሃት መጥቶላቸው «ለምን እርስ በርስ አንለዋወጥም?» አሉ። ሁላችንም ደስ ብሎን ካርቶኖቻችንን ከፈትን። ሁሉም ግራ። ግራ ገባን የምትለዋን ቀልድ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ተቀባብሎ ስለጨረሳት እኔ እዚህ አልደግማትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእህቴ አሮጌ ጫማ አልጠበቀንም። ሶሉ አልቆ፣ ተረከዙ ተበልቶ፣ ወገቧ ላይ ያ ሕመም ተመልሶ መጣ። አሁን የምታስተምረው ጥቁር ሰሌዳውን በአንድ እጇ ተደግፋ ነው። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደግ ሰው ናቸው፤ የሚያስፈራውም ደግነታቸው ነው። ቢሯቸው ጠርተው «ለምን ትንገላቺያለሽ? ከሚመጣው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ያዢልን። ወንበር አለው፣ ጸጥታ አለው» አሏት። እህቴ ቤት ገብታ ቦርሳዋን አስቀመጠችና «ሊያከማቹኝ ነው» አለችኝ።

ከእርስዎ ጋር ያለን ጉዳይ እንግዲህ ይኸው ነው። ቀኝ ፎርማዋ ከተገኘ ክፍሏ ትገባለች። ካልተገኘ መንፈቅ ዓመቱ ሲዞር ከጠመኔ ካርቶንና እግራቸው ከተሰበረ ወንበሮች ጋር ትደረደራለች። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ፎርማዋ ዳቦ ሆኗል ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር።

እዚህ ላይ ቁጥር መቁጠሬን ተውኩ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ነገር በቁጥር ሥር የሚገባ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ከስብሰባ ሲወጡ እግር ጥሎን ብናገኝዎ ብለን ከእህቴ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ነበር። ከፊት ለፊታችን የማከማቻው ክፍል በር አለ። ስለዚያ በር በምረቃው ዕለት የተናገሩትን አልረሳሁትም፤ ብረት ነው፣ በጣት አሻራ ካልሆነ አይከፈትም፣ ከሰው ልጅ ሁሉ የእርስዎንና የምክትልዎን አውራ ጣት ብቻ ነው የሚያውቀው። ያ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ከውስጥ የሚወጣው ሙቀት ፊታችንን ይገርፈናል። ጥበቃው ስንደነግጥ አይቶ አጽናናን፦ «ምንም አይደል። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ቆይቷል፤ መስኮት ደግሞ የለውም። በሩ ከተዘጋ ሣጥኖቹ ይግሉና ሲስተም ይሄዳል። ስለዚህ ደግፈነው ይውላል፣ ደግፈነው ያድራል።»

እህቴ የምትሰማውን ሁሉ ማየት የምትወድ ሰው ናትና በሩ በምን እንደተደገፈ ለማየት ጎንበስ አለች። ከበሩ ሥር የተሸጎጠው እንጨት ነው። ተረከዝ አለው። ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሏል፤ በጎኑ ላይ የተደራረበ ቆዳ ተለጥፎበታል። ቀና ሳትል «እኔ ነኝ» አለች።

ጥበቃው «ማን ነዎት?» አላት።

«ያ እኔ ነኝ። ቀኝ እግሬ ነው።»

ሰውዬው አንዴ እንጨቱን፣ አንዴ የእህቴን እግር አየና ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅርታ እትዬ፣ እኔማ የበሩ ነው ብዬ!» ማዳበሪያዎቹ ሲጫኑ ለበሩ የሚሆን ፈልጎ ብዙ እግር እንደሞከረ ነገረን። «ሁሉም ይንከባለላሉ። ይሄኛው ግን ጋደል ያለ ስለሆነ በሩ በገፋው ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል። ከገባ ወዲህ ሲስተም ሄዶ አያውቅም» አለ፤ እህቴን ሊያመሰግናት እንደፈለገ ያስታውቃል።

ክቡር ሆይ፣ እስቲ ይህችን ነገር አብረን እንያት። በሁለት ሰዎች አውራ ጣት ብቻ የሚከፈት በር በአንዲት መምህርት እግር ተከፍቶ ይውላል። የእህቴ እግር ሲስተሙ ውስጥ የለም፤ ሲስተሙ ግን ያለ እህቴ እግር የለም።

ልታነሣው እጇን ስትዘረጋ ጥበቃው መንገዱን ዘግቶ ቆመ። «እትዬ፣ በልጆቼ! እሱ ከተነሣ የየቅርንጫፉ ሲስተም አብሮ ይሄዳል፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ!» ለካስ እንጨቱ ላይ «የሲስተሙ አካል፤ አይነካ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ኖሯል። ጩኸቱን ሰምተው ምክትልዎ ወጡ። እሳቸውም በጨዋ ደንብ አስረዱን፤ ዕቃው በቋሚ ንብረትነት ስለተመዘገበ ያለ እርስዎ ፊርማ አይለቀቅም፤ ደግሞም የደንበኛዋ ቀኝ እግር በሲስተሙ ላይ ስለሌለ ይህ የእሷ ቀኝ እግር ነው ለማለት ማስረጃ የለም። እህቴ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ከእንጨቱ ጎን መሬት ላይ አኖረችው። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሊያይ ተጠጋ። ምክትልዎም መነጽራቸውን አስተካክለው ተመለከቱና እንዲህ አሉ፦ «መመሳሰላቸውን አልካድኩም። መመሳሰል ብቻውን ግን አንድ ናቸው አያሰኝም።»

ይህን የመሰለ ብስል ፍርድ ፋይሎቹ በተሰረዙበት ዕለት አንድ ሰው አስቦት ቢሆን ኖሮ፣ እርስዎም ይህን ደብዳቤ ከማንበብ፣ እኔም ከመጻፍ በዳንን ነበር።

እንግዲህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ጥቂት ነው። የሚሊዮን ሰው እግር ይይዛል ካሉት ማከማቻ እኔ የምፈልገው አንድ እግር ነው፤ እሱንም ከውስጡ ሳይሆን ከበሩ ሥር። ምሰሶና ጓደኞቹ ፎርማው በእጃቸው ከገባ ጎንበስ እንዳሉ ይሰፉላታል። ለበሩ ደግሞ ተተኪ አላጣሁለትም። በወርቅ ቀለም ስምዎ የተጻፈበት የምረቃው ሰሌዳ ከባድ መሆኑን ሲሰቅሉት አይቻለሁ፤ ወርዶ ቢሸጎጥ ሥራ ያገኛል። ከተደፈኑት መስኮቶች አንዱን መክፈትም አንድ መንገድ ነው። ማቀዝቀዣውን ስለ ማስጠገን አላነሣም፤ በሰው የሙያ ክልል መግባት አልወድም።

ፊርማዎን እስኪያሳርፉልን ድረስ፣ ማከማቻዎ ከፍ ከፍ እንዲል፣ ጫማ ሠሪዎችዎ ዝቅ ዝቅ እንዲሉ፣ ስብሰባዎም ፍሬ እንዲያፈራ እየተመኘሁ፣ በዕድገትዎ ጥላ ሥር አንገቴን ደፍቼ እሰናበታለሁ።

የሚያከብርዎና ከእንግዲህ ዳቦ በገዛ ቁጥር የሚያስታውስዎ፣
የደንበኛዎ ታላቅ ወንድም

ግልባጭ፦
ለጫማ ሠሪዎቹ፣ ደረጃው ሥር
ለዳቦ ቤቱ
ለርእሰ መምህሩ
(ግልባጮቹ ከዋናው ጋር ስለሚመሳሰሉ እንዳይሰረዙ አደራ።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው አዘጋጁ እጅ ከገባ በኋላ ነገሩ ትንሽ ስለተለወጠ ይህችን መጨመር ግድ ሆነብኝ። እህቴ ፊርማዎን መጠበቅ አቃታት። ትናንት ብቻዋን ካርቶኑን በብብቷ ይዛ ኮሪደሩ ድረስ ሄደች። ጥበቃው ሲያያት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ማንም ሳይደውልለት ስልክ ማናገር ጀመረ። ጎንበስ ብላ እግሯን አወጣችና በምትኩ ያንን ሁለተኛውን ግራ ጫማ ሸጎጠችበት። ምሰሶና ጓደኞቹ ሌላውን ሥራ ጥለው ሰፉላት፤ ዛሬ ጠዋት «ቀጥ በሉ!» ስትል እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ሆኜ ሰምቻታለሁ፣ ሳላስበውም ቀጥ ብያለሁ። ፎርማው እኛ ቤት ነው፤ መብራት አይፈልግም፣ አያድግም፣ ቀኝ ነው።

በሩን በተመለከተ፣ ጫማው የድርጅትዎ ሥራ ስለሆነ በጥራቱ አንጠራጠርም፤ ጥቂት የመንሸራተት ጠባይ ብቻ ታይቶበታል። ይህን ሲያነቡ ተንሸራትቶ በሩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ከሆነም አይደንግጡ፤ ሄደው አውራ ጣትዎን ያሳርፉበት። ብቻ ጥበቃው እንደነገረኝ የሁለቱም እጅዎ አሻራ የተቀመጠው እዚያው ማከማቻ ውስጥ፣ በአንድ ስም፣ በአንድ ቀን ነው። ቀኙን አላውቅህም ካለዎት በግራው ይሞክሩ።